እሸት ቡናው ቀይ ሆኖ እንዲታተም፦ ፎቶን ወደ ኢንዲዛይን የማስገባት መመሪያ

ጅማ ውስጥ ዲዛይን የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጎማ ወይም ማና ወርዶ ያነሳው እሸት ቡና ስክሪኑ ላይ ደም ይመስላል። ብሮሸሩ ታትሞ ሲመጣ ግን ቡናው ጀንፈል ሆኖ ቁጭ ይላል። ደንበኛው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያየውና «ይሄ የኛ ቡና ነው?» ይላል። ከዚያ ዲዛይነሩ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል፤ ማተሚያ ቤቱም ፋይሉን።

እኔም ለዓመታት ማሽኑን ስከስ ኖሬያለሁ። ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ የተመራቂ ተማሪዎች መጽሔት ነው። ታትሞ ሲመጣ የግማሾቹ ተመራቂዎች ፊት ደህና ነው፤ የቀሩት ግን አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ወረቀቱ ያው፣ ማሽኑ ያው፣ የታተመበት ቀንም ያው። ጥፋቱ የማሽኑ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እኩል ባበላሸ ነበር። ፋይሌን ከፍቼ አንድ በአንድ ስፈትሽ የደበዘዙት ሁሉ በአንድ ካሜራ የተነሱ ሆነው አገኘኋቸው። ካሜራው ያነሳው ከተለመደው ኤስአርጂቢ ሰፋ ባለው የቀለም ክልል፣ በአዶቤ አርጂቢ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፎቶዎቹን ሳሳንስ ፕሮፋይላቸውን፣ ማለትም ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ የሚናገረውን መረጃ፣ ሳላካትት ሴቭ አድርጌያቸዋለሁ። ቀለሙ የሞተው እዚሁ ጅማ፣ እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቁጥርና መስፈሪያ

ዲጂታል ፎቶ የቁጥር ክምር ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ ይህን ያህል፣ አረንጓዴ ይህን ያህል፣ ሰማያዊ ይህን ያህል ይላል፤ ከ0 እስከ 255። አርጂቢ የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን «ቀይ 200» ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ቡና ነጋዴ «አሥር አለኝ» ቢላችሁ «አሥር ምን? ኪሎ ነው ፈረሱላ?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አይሲሲ ፕሮፋይል የሚባለው ነገር የመስፈሪያው ስም ነው። ዓለም አቀፉ የቀለም ኮንሶርቲየም (አይሲሲ) እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመውም ይህ ስም ከፎቶው ጋር ተያይዞ፣ ሶፍትዌርና ማሽን ሳይለይ እንዲነበብ ነው።

ፎቶሾፕ ውስጥ ሰዎች የሚያምታቷቸው ሁለት ትዕዛዞች በዚሁ ምሳሌ ይለያሉ። «ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል» 170 ኪሎውን 10 ፈረሱላ ብሎ መጻፍ ነው፤ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ቡናው ያው ነው። «አሳይን ፕሮፋይል» ደግሞ 170 ኪሎ ከሚለው ላይ «ኪሎ»ን ሰርዞ «ፈረሱላ» ማለት ነው። ቁጥሩ አልተነካም፣ ቡናው ግን በአንድ ጊዜ 17 እጥፍ ሆኗል። የመጀመሪያውን የምንጠቀመው ወደ ሌላ መስፈሪያ መሄድ ስንፈልግ ነው። ሁለተኛውን የምንነካው ፎቶው ስም አጥቶ ሲመጣና ትክክለኛውን ስም ስናውቅለት ብቻ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልብ በሉ። ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው ብርሃን በመጨመር ነው፤ ማተሚያ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ ብርሃን በመቀነስ። ስለዚህ ስክሪን የሚያሳየው አንዳንድ ቀለም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር (በአንድ ላይ ሲኤምዋይኬ ይባላሉ)፣ ፈጽሞ አይገኝም። በተለይ የሚያበራ አረንጓዴና ኃይለኛ ሰማያዊ ሳይደበዝዝ አይታተምም። የእኛ ሥራ ሊተርፍ የሚችለውን ማትረፍ ነው፤ የማይተርፈውን ደግሞ ደንበኛው ከመታተሙ በፊት እንዲያውቀው ማድረግ።

1. መጀመሪያ ስልክ ደውሉ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ሥራው የት፣ በምን ወረቀት እንደሚታተም እወቁ። ብዙ የኦፍሴት ሥራ ከዚህ ተዘጋጅቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ይታተማል። ማሽኑ አጠገብ ቆማችሁ «ማጀንታውን ትንሽ ጨምርልኝ» የምትሉበት ዕድል የለም። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ኦፍሴት ነው ዲጂታል? ወረቀቱ አርት ፔፐር (የተለበጠው ለስላሳ ወረቀት) ነው ወይስ ተራው 80 ግራም? የምትቀበሉት ፕሮፋይል የትኛው ነው? ለማተሚያ ከሚላኩት የፒዲኤፍ ዓይነቶች ኤክስ 4 ትቀበላላችሁ ወይስ ኤክስ 1 ኤ?

ስለ ፕሮፋይል ስትጠይቁ «ዝም ብለህ ሲኤምዋይኬ አድርገህ ላክ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። አትናደዱ፣ ግን አትቀበሉትም። «ሲኤምዋይኬ» ማለት ያው «አሥር» ማለት ነው። ለአርት ፔፐር የተዘጋጀ ሲኤምዋይኬ ለጋዜጣ ወረቀት አይሆንም፤ የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፣ ይጨማለቃል። መልስ ካጣችሁ ለአርት ፔፐር ኮትድ ፎግራ 39ን ያዙ፤ ከአዶቤ ሶፍትዌሮች ጋር አብሮ የሚመጣና በሰፊው የሚታወቅ ነው። ላልተለበጠ ወረቀት አንኮትድ ፎግራ 29 አለ። አዲስ የተጫነ ኢንዲዛይን (ገጽ የምናቀናብርበት የአዶቤ ሶፍትዌር) ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስዎፕ የሚባለውን የአሜሪካ ፕሮፋይል ይዞ ነው። ማንም ሳይመርጠው ስንት መጽሔት በእሱ ታትሟል።

2. ፎቶውን በደህና ተቀበሉ

ቴሌግራም የሁላችንም ፖስታ ቤት ነው። ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ግን ይጨምቀዋል፤ ረጅሙ ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ይህ በ300 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፎቶግራፍ አንሺውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ቴሌግራም በፋይል መልክ ሲላክ ሳይነካ ያደርሳል። ፍላሽ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ ቡናም ትጠጣላችሁ።

ፎቶው ከእጃችሁ ሲገባ መስፈሪያውን እዩ። በፎቶሾፕ ከፍታችሁ ከታች በግራ በኩል ካለችው ቀስት «ዶክዩመንት ፕሮፋይል»ን ምረጡ። አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ፎቶ ኤስአርጂቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የወጡ አይፎኖች ዲስፕሌይ ፒ3 በሚባል ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ያነሳሉ። ትልልቅ ካሜራዎች ላይ አንሺው በአዶቤ አርጂቢ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። ለዚህ አንድ ቀላል ምልክት አለ፦ የኒኮን ወይም የካኖን ፋይል ስሙ በአንደርስኮር ከጀመረ ካሜራው በአዶቤ አርጂቢ ነው ያነሳው። ያን መጽሔት ስሠራ ይህችን ባውቅ ኖሮ!

ፕሮፋይል የሌለው ፎቶ ሲመጣ ከየት እንደመጣ አጣሩና ትክክለኛውን ስም በ«አሳይን ፕሮፋይል» ስጡት። ምንጩ ካልታወቀ ኤስአርጂቢ ብላችሁ ሞክሩና ፊቱን እዩ። ፊቱ ደብዝዞ ከታየ አዶቤ አርጂቢን ሞክሩ። ሴቭ ስታደርጉ «አይሲሲ ፕሮፋይል» የምትለዋ ሳጥን ምልክት እንዳለባት አረጋግጡ። ስህተቴ የነበረው እዚህች ሳጥን ላይ ነው።

ፎቶውን በዚህ ደረጃ ወደ ሲኤምዋይኬ አትቀይሩት። የድሮ ልማድ «ሁሉንም መጀመሪያ ቀይር» ይላል። አንዴ ከቀየራችሁት ግን የጠፋው ቀለም አይመለስም፤ ወረቀቱ ነገ ቢቀየር ሥራው እንደገና ሀ ብሎ ይጀመራል። አርጂቢ ሆኖ ይቆይ፤ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻው ሰዓት ነው።

3. ኢንዲዛይንን አዘጋጁ

«ኤዲት» ውስጥ «ከለር ሴቲንግስ»ን ክፈቱ። ለአርጂቢ ኤስአርጂቢን ምረጡ፤ ለሲኤምዋይኬ ደግሞ ማተሚያ ቤቱ የነገራችሁን። ከታች ባሉት ፖሊሲዎች አርጂቢው ላይ «ፕሪዘርቭ ኢምቤድድ ፕሮፋይልስ» ይሁን። ይህ ማለት ፎቶው ይዞት የመጣው መስፈሪያ ይከበር ማለት ነው። «ኦፍ» ከሆነ እስካሁን የደከማችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ሲኤምዋይኬው ላይ «ፕሪዘርቭ ነምበርስ» የሚለው ይቆይ፤ መቶ በመቶ ጥቁር የሆነ ጽሑፍ ጥቁር ብቻ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው። የጥያቄ ሳጥኖቹን ሦስቱንም ምልክት አድርጉባቸው። መጠየቁ ያሰለቻል፣ ግን ዝም ብሎ ከመሳሳት ይሻላል።

እዚህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ይህን ቅንብር መቀየር ቀድሞ የተሠራን ዶክዩመንት አይቀይርም። ያለፈውን ዓመት መጽሔት ከፍታችሁ በላዩ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያለፈው ዓመት ፕሮፋይል አብሮ አለ። «ኤዲት» ውስጥ «አሳይን ፕሮፋይልስ» ገብታችሁ ዶክዩመንቱ የያዘውን እዩ።

4. ማስገባት

ከፎቶሾፕ ኮፒ አድርጎ ኢንዲዛይን ላይ ፔስት ማድረግ ይቅር። ፔስት የተደረገ ፎቶ «ሊንክስ» ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ መከታተል አትችሉም። ትክክለኛው መንገድ «ፋይል» ውስጥ ያለው «ፕሌስ» ነው፤ በኪቦርድ ኮንትሮልና ዲ።

ፋይሉን ስትመርጡ «ሾው ኢምፖርት ኦፕሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። በሚከፈተው መስኮት «ከለር» የሚል ትር አለ፤ ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል። የመጀመሪያው ፕሮፋይል ነው። ፎቶው የራሱ ካለው እሱ ይመረጥ። ከሌለው እዚሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ፣ ግን ከምንጩ ብታርሙት ይሻላል። ሁለተኛው «ሬንደሪንግ ኢንቴንት» ነው፤ ሊታተም የማይችል ቀለም ሲገኝ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ነው። «ሪላቲቭ ከለሪሜትሪክ» ሊታተም የሚችለውን እንዳለ ትቶ የማይችለውን ብቻ ወደ ቅርቡ ይጎትታል። «ፐርሴፕችዋል» ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ጨመቅ አድርጎ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይጠብቃል።

ከገባ በኋላ «ሊንክስ» ፓነልን ክፈቱና ፎቶውን ጠቅ አድርጉ። ከታች የቀለም ዓይነቱ፣ የፕሮፋይሉ ስምና «ኢፌክቲቭ ፒፒአይ» ይታያሉ። ሃምሳ ፎቶ ካለ ሃምሳውንም እዩ፤ ሻይ እየጠጣችሁ የሚሠራ ሥራ ነው። ተሳስቶ የገባ ካለ «ኦብጀክት» ውስጥ «ኢሜጅ ከለር ሴቲንግስ» ያርመዋል።

በመካከሉ ቀድሞ ሲኤምዋይኬ የሆነ ፎቶ ካገኛችሁ ጠንቀቅ በሉ። ቁጥሩ ይጠበቅ ስላልን ኢንዲዛይን ፕሮፋይሉን ሳያይ እንዳለ ያሳልፈዋል። ለአርት ፔፐር የተዘጋጀ ማስታወቂያ በ80 ግራም ወረቀት ላይ ጠቁሮ የሚወጣው እንዲህ ነው። ደንበኛውን ዋናውን አርጂቢ ፎቶ ጠይቁት።

5. ፊት፣ ቡና፣ ጋዋን

ከሁሉም የሚያስቸግረው የሰው ፊት ነው። እሸት ቡና ትንሽ ቢጠቁር ብዙ ሰው ላያስተውል ይችላል፤ የልጇ ፊት አመድ የመሰለባት እናት ግን መጽሔቱን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። የእኛ ሰው ቆዳ ከጠይም እስከ ጥቁር ሰፊ ስለሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በእኔ ልምድ ግን የቀለሞቹ ዝምድና ይረዳል፤ ቢጫ ከማጀንታ እኩል ወይም ትንሽ በለጥ ይላል፣ ሳያን ደግሞ የማጀንታን ግማሽ አካባቢ ይሆናል፤ ቆዳው ሲጠቁር ከዚያም ከፍ ይላል። ሳያኑ ወደ ማጀንታው እየተጠጋ ከመጣ ፊቱ ይገረጣል፣ ከበለጠው ደግሞ በሽተኛ ይመስላል። ማጀንታው ከቢጫው ብዙ ከበለጠ የተቆጣ ሰው ይሆናል። ማስተካከያውን ፎቶሾፕ ውስጥ፣ አርጂቢው ላይ አድርጉት፤ የሲኤምዋይኬውን ቁጥር የምታዩት በ«ኢንፎ» ፓነል ነው። ለፊት ፎቶ ሪላቲቭ ከለሪሜትሪክን የፎቶውን ጥቁር ከሚታተመው ጥቁር ጋር ከሚያስማማው ከ«ብላክ ፖይንት ኮምፐንሴሽን» ጋር እመርጣለሁ።

ለእሸት ቡና ግን አይሆንም። የቡናው ቀይ ከወረቀቱ ክልል ውጪ የሆነ ብዙ ነጥብ አለበት፤ ሪላቲቭ ሁሉንም ወደ አንድ ቀይ ይደፈጥጠዋል። ፍሬዎቹ አንጸባራቂነታቸውን አጥተው አንድ ላይ የፈሰሰ ቀለም ይመስላሉ። እዚህ ላይ ፐርሴፕችዋል ይሻላል፤ ቀዩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ፍሬው ግን ክብ ሆኖ ይቆያል። ቅጠሉም እንዲሁ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ እንደማይመጣ ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት። ቀዩን ለማድመቅ ብላችሁ ሳቹሬሽን አትጨምሩ፤ ከክልሉ የሚወጣውን እያበዛችሁ ነው። ከጎኑ ያለውን አረንጓዴ ትንሽ ብታጠቁሩት ቀዩ ለዓይን ደምቆ ይታያል።

ሰማያዊ ባንዲራ፣ ሎጎ ወይም ሰማይ ወይን ጠጅ ሆኖ ከመጣባችሁ ምክንያቱ ማጀንታው ወደ ሳያኑ መጠጋቱ ነው። በሠላሳ የመቶኛ ነጥብ ያህል አራርቋቸው።

የምርቃት ጋዋን ጥቁር ነው። ፎቶው በፕሮፋይል ከተቀየረ የቀለሞቹ ድምር ከገደቡ አያልፍም፤ ኮትድ ፎግራ 39 እስከ 330 በመቶ ነው፣ የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ 240 አካባቢ። አደጋው ዲዛይነሩ በእጁ የሞላው ጥቁር ነው። አራቱንም መቶ መቶ አድርጎ 400 የሚያደርስ አለ፤ ይህ አይደርቅም፣ የሚቀጥለውን ገጽ ጀርባ ያቆሽሻል።

ከርዕሳችን ትንሽ ወጣ ቢልም ላንሳው፦ ጽሑፉን ከዎርድ ስታስገቡ «ዎርድ» ብሎ የሚጀምር የአርጂቢ ጥቁር ስዋች (የተቀመጠ ቀለም) ሊከተላችሁ ይችላል። በማተም ጊዜ አራት ቀለም ሆኖ ይወጣል። የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች (ፕሌቶቹ) የፀጉር ታህል ከተዛነፉ የፊደሎቻችን ትንንሽ ቀለበቶች፣ የሿ እና የቿ እግር፣ ይደበዝዛሉ። ስዋቹን አጥፉና በ«ብላክ» ተኩት።

6. ስክሪን ላይ ቀድሞ ማየት

«ቪው» ውስጥ «ፕሩፍ ሰትአፕ»፣ ከዚያ «ከስተም» ግቡና የማተሚያውን ፕሮፋይል ምረጡ፤ «ፕሩፍ ከለርስ»ን አብሩ። «ሲሙሌት ፔፐር ከለር» ሲበራ ገጹ ሁሉ ይደበዝዛል፣ ትደነግጣላችሁ። ለአንድ ደቂቃ ፊታችሁን አዙራችሁ ተመለሱና እዩት፤ ዓይን ይለምዳል። «ዲስፕሌይ ፐርፎርማንስ» ደግሞ «ሃይ ኳሊቲ» ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ የምታዩት የፎቶውን ጥላ ነው።

የስክሪን መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ማድረግ የሚቻለው ይህ ነው፦ ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨውን «ናይት ላይት» አጥፉ፣ ብርሃኑን ነጭ ወረቀት አጠገቡ ስታስቀምጡ እስኪመሳሰል ቀንሱ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን አታጋድሙት። መብራት ጠፍቶ ስክሪኑ በባትሪ ከደበዘዘ የቀለም ውሳኔ አትወስኑ፤ ጽሑፍ አርሙ።

የቀለሞቹን ድምር ለማየት «ዊንዶው»፣ «አውትፑት»፣ «ሴፓሬሽንስ ፕሪቪው» አለ። «ኢንክ ሊሚት»ን የወረቀታችሁን ገደብ ስታደርጉት ያለፈው ቦታ ሁሉ ቀልቶ ይታያል።

7. ፒዲኤፍ

ማተሚያ ቤቱ ኤክስ 4 የሚቀበል ከሆነ እሱን ምረጡ። ፎቶዎቹ ከነፕሮፋይላቸው ይሄዳሉ፤ ቅየራው እዚያ፣ ለማሽኑ በሚስማማ መንገድ ይሠራል። ኤክስ 1 ኤ ከተባላችሁ ቅየራው በእናንተ በኩል ነው፦ «አውትፑት» ትር ላይ «ኮንቨርት ቱ ዴስቲኔሽን፣ ፕሪዘርቭ ነምበርስ» የሚለውን ያዙና መድረሻውን የማተሚያውን ፕሮፋይል አድርጉ። «ፕሪዘርቭ ነምበርስ» የሌለበትን ከመረጣችሁ ጥቁሩ ጽሑፍ አራት ቀለም ሊሆን ይችላል።

የወጣውን ፒዲኤፍ በአክሮባት ፕሮ «አውትፑት ፕሪቪው» ክፈቱትና ጥቁሩን ፕሌት ብቻ አጥፉ። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ደህና ነው። ጥላው ከቀረ ተመለሱ።

ስክራይበስ የሚባለውን ነጻ የገጽ ማቀናበሪያ የምትጠቀሙም ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ። «ዶክዩመንት ሰትአፕ» ውስጥ የከለር ማኔጅመንቱ መብራቱን እዩ፤ ካላበራችሁት አይሠራም። የማተሚያ ፕሮፋይሎችን ከአውሮፓ የቀለም ኢኒሼቲቭ ድረ ገጽ በነጻ አውርዳችሁ ዊንዶውስ ላይ በቀኝ ጠቅታ ትጭናላችሁ። ኮረልድሮው ላይም ሐሳቡ ያው ነው፦ ሲያስገባ ፕሮፋይሉን እንዲጠብቅ፣ ሲያወጣ ወደ ትክክለኛው መድረሻ እንዲቀይር። ለባነር ግን ብዙ አትጨነቁ፤ የራሱ የማሽኑ ሶፍትዌር ኤስአርጂቢን ተቀብሎ ሲቀይር ብዙ ጊዜ ከእኛ ይሻላል።

8. ናሙናው

ከመታተሙ በፊት ፊትም ቡናም ያለበትን አንድ ገጽ በናሙና ጠይቁ፤ ማተሚያ ቤቱ ፕሩፍ የሚያወጣ ከሆነ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ይሁን። አውቶቡስ ይዞት ሲመጣ በአምፖል ሥር አትዩት። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ እዩ። ከቤት ውጪ ጥላ ሥር ብታዩት ሰማዩ ስለሚያበራው ትንሽ ይሰማያዋል፤ ያንን አስሉ። ሽፋኑ ላሚኔት የሚደረግ ከሆነ ናሙናውም ላሚኔት ይሁን፤ ግሎሲ ቀለሙን ያጠልቃል፣ ማት ደግሞ ያለዝበዋል።

ከረካችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙበት። አንዱን መልሳችሁ ላኩ፣ ሌላውን ብርሃን በማያገኘው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። የታተመው ሲመጣ ካርቶኑን ከፍታችሁ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች አንድ አንድ አውጡና ከፈረማችሁበት ጋር አስተያዩ፤ ደንበኛው ከመድረሱ በፊት።